ታማ፣ እሳት፣ ፋየር፦ አንድ ቃል ስንት ቤት አለው?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኘት ቀን፣ ወላይታ ሶዶ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ በመጠኑ ተስተካክሏል)

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ «ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ንገረን፣ ግን ምሳው ሳይቀዘቅዝ ጨርስ» ብለውኛል። ስለዚህ ስለ ቋንቋ በሙሉ አላወራም። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱም «ፋየር» ነው።

እዚህ ሶዶ ከተማ ውስጥ ማንኛውንም የአራተኛ ክፍል ልጅ አስቁማችሁ «ፋየር ምንድን ነው?» ብትሉት «እሳት» ይላችኋል። በወላይትኛ ንገረኝ ካላችሁት «ታማ» ይላል። ልክ ነው፤ ሙሉ ማርክ ያገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚሁ ትክክለኛ መልስ ላይ ነው። ልጁ ቃሉን አወቅሁት ብሎ ደብተሩን ይዘጋል፤ እኛም አስተማሪዎቹ «ጎበዝ» ብለን ወደሚቀጥለው ቃል እናልፋለን። ከዓመታት በኋላ ያው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ማናጀሩ ሠራተኛውን ፋየር አደረገው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመው፣ ሥራ አስኪያጁ ሰውዬውን ያቃጠለው ይመስለዋል። ይህን ከምናቤ አላመጣሁትም፤ በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ አርሜዋለሁ። ከሁሉም የማልረሳው «ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ላይ እሳት ለቀቀበት» የሚለውን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ያየ ሰው ይህን ትርጉም ስህተት ነው ለማለት ይከብደዋል።

ወደ ፋየር ከመግባቴ በፊት በራሳችን ቃል ትንሽ ልቆይ። «ታማ» የሚለውን በፊደላችን ወረቀት ላይ ጻፉና ለሦስት ሰው አሳዩ። ወላይትኛ ተናጋሪው «ማ»ን አላልቶ ካነበበው እሳት ነው። ያው ሰው አጥብቆ ካነበበው ዐሥር ቁጥር ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቀው ደግሞ «ሰው አማው፣ ሐሜት ላይ ወደቀ» ብሎ ያነበዋል። እሳት፣ ዐሥር፣ ሐሜት፦ በሁለት ፊደል! ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ነው። አማርኛ አንባቢ ይህን ለምዶታል፤ «ገና»ን አይቶ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው ይሁን ከዙሪያው ይለያል። ወላይትኛ አሁን በትምህርት ቤት በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ግን የሚጠብቀው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ስለዚህ እሳትና ዐሥር አይምታቱም። የትኛው ፊደል ይሻላል ወደሚለው ክርክር አልገባም፤ ምሳ ይቀዘቅዛል። ልል የፈለግሁት፣ ገና አንድም ምሳሌያዊ ፍቺ ሳንነካ፣ ቃሉ ብቻውን ሲቆም ስንት ነገር እንደሚሆን ነው።

ቀጥተኛ ፍቺውም ቢሆን በየአገሩ አንድ ዓይነት ሥዕል አያመጣም። በከተማ ላደገ እንግሊዛዊ ፋየር ሲባል መጀመሪያ የሚታየው የሳሎን ግድግዳ ሥር ያለ ማሞቂያ ወይም ሳይረን የሚያሰማ ቀይ መኪና ሊሆን ይችላል። ለእኛ እሳት ምድጃ ነው፤ ሦስት ጉልቻ ነው፤ ማገዶ ተሸክማ ከገበያ የምትመለስ እናት ናት። በመስከረም ደግሞ ጊፋታና መስቀል ተከታትለው ሲመጡ የሚለኮሰው ነው። ማገዶ ስል ሑምቦን አለማንሳት አይቻልም። እዚያ ያሉት ተራሮች ለማገዶና ለከሰል ተመንጥረው ራቁታቸውን ቀርተው ነበር። ከዚያ ገበሬዎቹ ችግኝ ከመትከል ይልቅ አፈር ውስጥ የቀረው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ ጠብቀውና ገርዘው 2,728 ሄክታር መሬት መልሰው አለበሱ። ሥራው በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ገበያ ሥርዓት ሲመዘገብ፣ በአፍሪካ በስፋቱ የመጀመሪያው የደን ፕሮጀክት ሆነ። እዚያ ላደገ ልጅ እሳት የሚለው ቃል ውስጥ ተራራው አለ። መዝገበ ቃላት ይህን አይጽፍም።

አማርኛ ደግሞ ለእሳት አካላት ስም ማውጣት ይወዳል። ነበልባል፣ ፍም፣ ረመጥ፣ ትርኳሽ፣ ቋያ። እንግሊዝኛም ለነበልባሉና ለፍሙ የየራሳቸው ስም አለው፤ ድሃ አይደለም። «ወላፈን»ን ግን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለማስቀመጥ ሞክሩ። እሳቱ ሳይነካህ ከሩቅ ፊትህን የሚገርፍህ ሙቀት ማለት ነው፤ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ግን ቃሉን ከሐተታው በፊት ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጠመንጃው። እንግሊዝኛ «መሣሪያ ተኮሰ» ለማለት «ፋየር አደረገ» ይላል። ምክንያቱ ተረት አይደለም፤ የጥንቱ ጠመንጃና መድፍ የሚተኮሰው ባሩዱን በተለኮሰ ገመድ ወይም በጋለ ብረት በመንካት ስለነበር ነው። ገመዱ ከቀረ ዘመናት አለፉ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው «እንግሊዝኛ እንዴት ይገርማል» ይላሉ። እኔ ደግሞ የምገረመው በእነሱ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛችንም ያንኑ አድርጓል። «ተኮሰ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ወታደር ይተኩሳል። እናታችን የዩኒፎርም ሸሚዛችንን በካውያ ትተኩሳለች። የባህል ሐኪም የታመመውን ቦታ በጋለ ብረት ይተኩሳል። ቡናው ትኩስ ነው፣ ዳቦው ትኩስ ነው፣ ወሬው ትኩስ ነው፣ የታመመው ልጅ ትኩሳት አለው። ተኩስ፣ ትኩስ፣ ትኩሳት፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለት ፈጽሞ የማይዛመዱ ቋንቋዎች፣ አንዱ ከእሳት፣ ሌላው ከግለት ተነሥተው፣ የጠመንጃ አፍ ላይ ተገናኙ።

ስለዚህ ባለፉት ዓመታት በዜና ደጋግመን የሰማነው «ተኩስ አቁም» የእንግሊዝኛው ቃል ትክክለኛ አቻ ነው። ቃል በቃል «እሳት አቁም» ቢባል ኖሮ የእሳትና አደጋ ሠራተኞች ናቸው የተጠሩት ብለን ነበር። ተርጓሚው እሳትን ትቶ ተኩስን የመረጠው መዝገበ ቃላት ከፍቶ አይመስለኝም፤ ጆሮው ነው የነገረው። ይህን ጆሮ ነው ልጆቻችን እንዲኖራቸው የምፈልገው።

ከሥራ ማባረሩስ? ይኸኛው ወጣት ፍቺ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በአሜሪካ የመጣ ነው። እንግሊዝኛ ጠመንጃን ተኩሶ ባዶ ማድረግንና ሠራተኛን ማሰናበትን በአንድ ሌላ ቃል ይጠራ ነበር፤ «ዲስቻርጅ» ይላል። ቀልደኞቹ አሜሪካውያን «ሁለቱም አንድ ከሆኑ፣ ሰውየውንም እንተኩሰዋ» አሉ። ቀልዱ ተረሳ፣ ቃሉ ቀረ። አማርኛ በዚህ መንገድ አልሄደም። እኛ ጋ ሠራተኛ ወይ ይባረራል፣ ወይ ይሰናበታል። አንዱ በዱላ፣ ሌላው በእቅፍ። ደብዳቤው ላይ «ተሰናብተዋል» ተብሎ ይጻፋል፤ ሰፈር ውስጥ «ተባረረ» ተብሎ ይወራል። ፋየር ግን ሁለቱንም አይደለም፤ ጥይት ነው።

አሁን ወደ ሆድ እንውረድ፤ እዚህ ላይ ነው ቋንቋዎቹ ፊት ለፊት የሚጋጩት። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሆዱ ውስጥ እሳት አለ» ካለ ማመስገኑ ነው፤ ሰውየው ወኔ አለው፣ የሚፈልገውን ሳያገኝ አይተኛም ማለቱ ነው። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ አምጡትና ለአንዲት እናት ንገሯት፤ «ልጄን ምን አገኘው?» ብላ ትደነግጣለች። በአማርኛ ሆድ ውስጥ ያለ እሳት ሐዘን ነው፣ ቁጭት ነው። ሆዴ ተቃጠለ፣ አንጀቴ አረረ፣ ልቤ ነደደ፣ ተንገበገብሁ፣ በገንሁ እንላለን። ለወኔ የምናስቀምጠው እሳት ሆድ ውስጥ ሳይሆን ምላስ ላይ ነው፤ «እሳት የላሰ ልጅ» እንላለን። ወይም ልጁን ራሱን «እሳት ነው!» እንለዋለን። ይህኛው የዛሬ ወጣቶች በእንግሊዝኛ ከሚሉት ጋር ገጠመ፤ ፊልም ወይም ዘፈን ሲያምራቸው «ፋየር ነው» ይላሉ። እንዲህ ስናገር ልጄ «አባዬ፣ ይሄ እኮ አሮጌ ሆኗል» ትለኛለች። ይሁን።

ብርድም ቢሆን ሙቀትም ቢሆን፣ ደስታን በእሳት አቅራቢያ ማስቀመጥ አማርኛ አያፍርበትም። ሠርጉ ሞቀ፣ ገበያው ጦፈ፣ ጭብጨባው የጋለ ነበር፣ ሰውዬው ትንሽ ሞቅ ብሎታል። ግን ልብ በሉ፦ ጭብጨባ ይግላል እንጂ አይነድም፤ ሠርግ ይሞቃል እንጂ አይቃጠልም። ዲግሪው ተቆጥሯል። አንድ ደረጃ ካለፈ ሠርጉ ተቃጠለ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የምንጠራው ሌላ መኪና ነው።

የፋየር ታናሽ እህት «ሆት» ናት፤ እሷን ሳላነሳ ካለፍሁ ወላይታዎች አይምሩኝም፤ ዳጣ አለና። አንድ የውጭ እንግዳ ይዤ እዚሁ ከተማ ቁርጥ ልንበላ ገባን። ዳጣው ቀረበ፦ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ አንድ ላይ የተፈጨ፣ የሚያምር። እንግዳው አስተናጋጁን «ኢዝ ኢት ሆት?» ብሎ ጠየቀው። አስተናጋጁ ጣቱን ሳህኑ ላይ አድርጎ ነካው፤ «ኖ፣ ኮልድ» አለ። እንግዳዬ ሥጋውን እስከ አንገቱ ነከረው። ከዚያ በኋላ ያለውን ለእናንተ ምናብ እተወዋለሁ። አስተናጋጁ አልዋሸም፤ ዳጣው ቀዝቃዛ ነበር። በአማርኛ ትኩስ የሚባለው በእሳት የሞቀው ነው፤ ቃሪያ ግን «ያቃጥላል» ነው የሚባለው። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ያስቀምጣል።

እዚህ ጋ የባዮሎጂ ባልደረቦቼ አንድ ነገር አስተምረውኛል። «ቃሪያ ያቃጥላል» የሚለው ለረጅም ጊዜ ምሳሌያዊ አነጋገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በነርቮቻችን ጫፍ ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት ሲመጣ የሚከፈት አንድ ተቀባይ አለ። የቃሪያው ቅመም፣ ካፕሳይሲን የሚባለው፣ ያንኑ በር ይከፍታል። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ተመራማሪ ይህን ተቀባይ በማግኘቱ በ2021 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤልን ተጋርቷል። ማለትም ለነርቭ ዳጣና ፍም አንድ ዜና ናቸው። እንግሊዝኛ «ሆት» ሲል፣ አማርኛም «ያቃጥላል» ሲል፣ ሁለቱም ሳያውቁት ልክ ነበሩ። ቀጥተኛው ፍቺ የት አልቆ ምሳሌያዊው የት እንደሚጀምር ለተማሪ መስመር ማስመር የሚወድ መምህር ካለ፣ ዳጣ ያስቀምስ።

እስካሁን ሳቅን። አሁን የማልስቅበትን ልናገር።

በኦቶና የሚማሩ የሕክምና ተማሪዎቻችን ከመላ አገሪቱ የመጡ ናቸው። መጽሐፋቸው እንግሊዝኛ ነው። በራሳቸው መካከል የሚያወሩት አብዛኛውን ጊዜ አማርኛ ነው። ከገጠር የመጣችው ታካሚ የምትናገረው ወላይትኛ ነው። አንድ ጥያቄ ከመጽሐፉ ወጥቶ እናትየዋ ጋ እስኪደርስ ሁለት ድልድይ ይሻገራል፤ መልሱም በእነዚያው ድልድዮች ይመለሳል። መጽሐፉ ደግሞ በእሳት የተሞላ ነው። «የማቃጠል ስሜት አለ?» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም «ያቃጥልዎታል?» ይላል። «አቃጠለኝ» በአማርኛ ልጄ አናደደኝ ማለትም ነው እኮ! ጨጓራ አመመኝ ማለትም ነው። ሽንት ሲሸና የሚሰማ ሕመምም ነው። እንግሊዝኛው «ሃርትበርን» ብሎ የሚጠራው ከልብ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የጨጓራ አሲድ ነው፤ አማርኛ ለዚህ «ቃር» የሚል የራሱ ንጹሕ ቃል አለው። ተማሪው ግን ቃሉን በእንግሊዝኛ ስለተማረው «ልብ ማቃጠል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ይህ ደግሞ በአማርኛ ሐዘን ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ዛሬ ሐኪም የሆነ፣ ያጫወተኝ አለ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጎረቤታቸው እያስተረጎመችላቸው ቀረቡ። ጎረቤትየዋ «ደረቷን አቃጠለኝ ትላለች፤ ከልጇ ጋር ተጣልታ ተናድዳ ነው» አለችው። ትርጉሙ በአማርኛ ሲሰማ ሙሉ ነው፤ ንዴት ደረት ያቃጥላልና። ሐኪሙ ግን እዚያ አላቆመም። «ቃሉን ተዪው፤ እማማ በእጃቸው ያሳዩኝ» አለ። እማማ ጭብጣቸውን ደረታቸው መሐል ላይ ጫኑ፤ ቀጥለው ግራ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ዳበሱ። የልብ ምርመራ ተደረገላቸው፤ ጉዳዩ ንዴት አልነበረም። በጊዜው ወደሚታከሙበት ተላኩ፤ ድነዋል። ተርጓሚዋ ምንም አላጠፋችም። የሰማችውን ቃል ከሁለቱ ቤቶቹ በአንዱ አስገባችው፤ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ወደ ዓባያ ሐይቅ ዳር፣ ወደ ቆላው ስትወርዱ ደግሞ ወባ አለ። የወባ የቆየ የአማርኛ ስሙ ምንድን ነው? «ንዳድ»፤ ከነደደ። ይህን ቃል ዛሬ ከተማ ያደገ ወጣት ሐኪም ላያውቀው ይችላል። አንድ ሽማግሌ «ንዳድ ይዞኛል» ሲሉት ተቆጥተው ከመሰለው፣ የደም ምርመራው ዘገየ ማለት ነው።

«ታዲያ መፍትሔው ቃላቱን አንድ ማድረግ፣ አንድ የጋራ ቋንቋ መፍጠር ነው» የሚል አይጠፋም። ይህ አካባቢ ያንን ሐሳብ አንድ ጊዜ ሞክሮታል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» የተባለ ቋንቋ ለመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጀ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ጊዜ እዚህ ከተማ ትምህርት ቤት የነበራችሁ አላችሁ። በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የአስተዳደሩን ጉዳይ ለታሪክ ክፍል ልተወው። እንደ ቋንቋ አስተማሪ የማየው ይህን ነው፦ የአካባቢው ቋንቋዎች እጅግ ብዙ ቃል ይጋራሉ፤ ታማም ከእነዚህ አንዱ ነው። ባለሙያዎቹ ቃላቱን ቆጥረው «ይመሳሰላሉ» ሲሉ አልዋሹም። ግን ሰው ቋንቋውን በቃል ዝርዝር አይኖርበትም። እናቱ ምድጃው አጠገብ ሆና እሳቱን የጠራችበት፣ ልጇን ስትቆጣ እሳቱን የጠቀሰችበት፣ ስታለቅስ እሳቱን ያነሣችበት መንገድ አለ። ያ የሚመሳሰል ቃል ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ እኔ የማቀርበው ትንሽ ሥራ ነው። ለኦቶና ተለማማጅ ሐኪሞችና ነርሶች በኪስ የምትገባ አንዲት ወረቀት እናዘጋጅ። በአንድ በኩል መጽሐፉ የሚጠይቃቸው የእሳትና የሙቀት ቃላት ይሁኑ፦ ማቃጠል፣ ትኩሳት፣ ቃር፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ላብ። በሌላ በኩል ታካሚው በወላይትኛና በአማርኛ በእርግጥ የሚናገርባቸው አነጋገሮች ይግቡ፤ ለእያንዳንዱም «ይህ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ ሐዘን ወይም ንዴት ሊሆን ይችላል» የሚል ይጻፍበት። ከታች አንድ መስመር፦ «በእጅዎ ያሳዩኝ።» ወላይትኛ የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን፣ ከጤና ኮሌጁ ጋር ሆነው፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት የሚጨርሱት ነው። ሐሳቡን ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፤ የሚጠይቀው ገንዘብ የኅትመት ብቻ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ግን ገንዘብ አይደለም። በየቀበሌያችሁ፣ በበዴሳ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ፣ በሑምቦ፣ አያቶቻችሁ ሕመማቸውን በእሳት ሲናገሩ የሰማችሁት አነጋገር ካለ፣ እሱን ነው የምፈልገው። መግቢያው በር አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ደብተር አስቀምጫለሁ። ቃሉን፣ የሰማችሁበትን ቦታና ምን ለማለት እንደሆነ ጻፉልኝ። ወላይትኛውን በላቲን ፊደል የምትጽፉ፣ እባካችሁ የሚጠብቀውን ፊደል ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ አለበለዚያ እሳቱን ዐሥር ብዬ እቆጥረዋለሁ። ምሳው ገና ትኩስ ነው።